ለሚያሳምን ንግግር ጠንካራ መክፈቻ እንዴት እንጻፍ

ንግግር አዘጋጁ ስንባል ብዙዎቻችን ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ ብለን መጀመሪያ የምንጽፈው «ክቡራንና ክቡራት» ነው፣ ቀጥሎ «በቅድሚያ ይህንን እድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ» ይመጣል፣ ከሱ ቀጥሎ «እንደሚታወቀው»፣ በነዚህ ብቻ የመጀመሪያው ደቂቃ ያልቃል። ሰዉ ደግሞ ልስማው ወይስ ስልኬን ላውጣ ብሎ የሚወስነው በዛችው ደቂቃ ውስጥ ነው። እዛ ጋር ያመለጣችሁን ጆሮ በኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው፣ ዋናው ሃሳባችሁ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን።

እኔ አጥብቄ የማምንበት ነገር ቢኖር የአሳማኝ ንግግር መክፈቻ አንድ ዋና ስራ አለው፦ ሰሚው ምን እንደምትጠይቁት ከመስማቱ በፊት ጉዳዩ የራሱ ጉዳይ እንደሆነ እንዲሰማው ማድረግ። ቋንቋው ቢያምር ጥሩ፣ ጭብጨባ ቢመጣም ጥሩ፣ ግን ሰሚው «ይሄ እኔን ይመለከታል» ካላለ ቀጥሎ የምትሉት ሁሉ የሌላ ሰው ወሬ ነው የሚሆንበት።

ዝም ብለን በደፈናው ከምናወራ አንድ ንግግር ይዘን ከመጀመሪያው እንስራ። እንበል የሰፈራችሁ እድር 120 አባላት አሉት፣ በወር 100 ብር ይከፈላል፣ ገንዘቡ የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። እናንተ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስታችሁ «ሆስፒታል ለሚተኛ አባልም እንድረስ፣ ለዚህ በወር 20 ብር እንጨምር» ብላችሁ ማሳመን ትፈልጋላችሁ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ለምሳሌ ያስቀመጥኳቸው፣ ክርክሩ ግን በየሰፈሩ ያለ ነው፣ ለህክምና የሚደርሱ እድሮች አሉ፣ እድር የቀብር ነው ብለው የጸኑም አሉ። የትምህርት ቤት ዲቤት ቢሆን፣ የዩኒቨርሲቲ ፕረዘንቴሽን ቢሆን፣ የኮንዶሚኒየም ማህበር ስብሰባ ቢሆን አካሄዱ ያው ነው።

1ኛ፦ የምትፈልጉትን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉ

ይሄ መክፈቻው አይደለም፣ ለራሳችሁ ነው፣ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉትና ይቀመጥ። ማን፣ ምን፣ ከመቼ ጀምሮ እንዲያደርግ ነው የምትፈልጉት? «ስለ መረዳዳት አስፈላጊነት» ጥያቄ አይደለም፣ ማንም እጁን አውጥቶ ሊቃወመውም ሊደግፈውም አይችልም። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እያንዳንዱ አባል 20 ብር ጨምሮ ከሶስት ቀን በላይ ሆስፒታል ለተኛ አባል የሚሰጥ ገንዘብ እናቋቁም» ግን ድምጽ ሊሰጥበት ይችላል። እጅ ሊወጣበት የማይችል ነገር ከጻፋችሁ ገና አልጨረሳችሁም ማለት ነው፣ መልሳችሁ ጻፉት።

2ኛ፦ ማን ነው የሚሰማችሁ

ሰሚውን በሶስት ክፈሉት፣ አብሯችሁ ያለ፣ መሃል ላይ ያለ፣ የሚቃወም። ከዛ የሚቃወመው ሰው የሚናገረውን በራሱ አፍ፣ እሱ እንደሚለው አድርጋችሁ ጻፉ። ለምሳሌ «አባቶቻችን እድርን ያቆሙልን ለቀብር ነው»፣ «ገንዘቡን ለበሽተኛ ጨርሰነው ነገ ሰው ሲሞት ምን ልንሆን ነው»፣ «ታሟል አልታመመም ብሎ የሚፈርደው ማነው»፣ «ጡረተኛ ነኝ፣ 20 ብሩም ለኔ ብር ነው»። እነዚህን ስትጽፉ አታቃልሏቸው፣ ሁለተኛውን ያነሳው ሰው ምናልባት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሳጥኑ ባዶ ሲቀር ያየ ሰው ነው፣ ስጋቱ እውነት ነው።

መክፈቻው የሚጻፈው መሃል ላይ ላለው ሰው ነው፣ ግን ተቃዋሚው ገና በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ጆሮውን እንዳይዘጋ ተጠንቅቆ። ሲሴሮ የሚባለው የሮማ ጠበቃ ከሁለት ሺህ አመት በፊት ይሄን ለይቶ አስቀምጦታል፣ ሰሚው ካንተ ጋር ከሆነ ቀጥታ ግባ፣ ካንተ ተቃራኒ ከሆነ ግን ዙሪያውን ዞረህ ቀስ ብለህ ግባ ይላል። ዙሪያውን መግባት ማለት ማታለል አይደለም፣ ሁለታችሁም ከምትስማሙበት ቦታ መነሳት ነው። እድሩ ላይ የምትስማሙበት ምንድነው? በሰፈሩ ሰው ሲሞት ማንም ብቻውን አይቀርም፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሰበሰባል። ከዚህ ተነሱ።

የዚህ አይነት አነሳስ ከየትም አገር መዋስ አያስፈልገንም። የአጼ ምኒልክን የ1888 ዓ.ም. መስከረም የክተት አዋጅ አስቡት። አዋጁ ገና ሲጀምር ዝመት አይልም። መጀመሪያ እግዚአብሔር እስካሁን አገር አስፍቶ ጠላት አጥፍቶ እንዳኖራቸው ያነሳል፣ ያ ሁሉም የሚስማማበት ነው። ከዛ አገር የሚያጠፋ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት ባህር ተሻግሮ መምጣቱን ይናገራል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ለልጁ፣ ለሚስቱ፣ ለሃይማኖቱ ብሎ በሀዘን እንዲረዳ። እዚህ ጋር ቆም በሉና እዩት፣ የሚሰማው ገበሬ ጦርነቱን እንደ ቤተ መንግስት ጉዳይ እንዳያየው አዋጁ ቤቱ ድረስ አስገባለት። ቅጣቱና ማስፈራሪያው እንኳን የመጣው ከጥያቄው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዙት፦ ያለን ነገር፣ ያለንን ነገር የሚነካ አደጋ፣ ከዛ ጥያቄ።

3ኛ፦ መክፈቻውን መጨረሻ ላይ ጻፉ

ግማሽ ገጽ ባዶ ተዉና መጀመሪያ ዋናውን ሃሳብ ጻፉ። ሲሴሮም መጀመሪያ የሚባለውን ነገር የሚያስበው መጨረሻ ላይ እንደሆነ ጽፏል ወይም ቢያንስ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረውን ሰው እንደዛ አስብሎታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ምን እንደምትከፍቱ ሳታውቁ መክፈት አይቻልም። ዋናውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡት፣ ብዙ ጊዜ ሶስተኛው ገጽ መሃል ላይ «ለምሳሌ» ብላችሁ ያለፋችኋት አንዲት ነገር ትገኛለች፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ደረሰኝ፣ ስታነቡት ራሳችሁን ቆም የሚያደርጋችሁ። እሷን ከዛ አውጡና ወደ ላይ አምጧት፣ በቃ መክፈቻችሁ እሷ ናት።

4ኛ፦ ሰላምታውን አሳጥሩት፣ አትዝለሉት

የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ተናጋሪው ሰላም እንኳን ሳይል በታሪክ ሲጀምር እናያለን፣ ያ እዛ ይሰራል። እኛ ጋር ፊት ወንበር ላይ አዛውንት፣ ቄስ፣ ሼህ፣ የእድሩ ዳኛ ተቀምጠው ሰላም ሳትሉ ብትጀምሩ የሚሰማችሁ ሰው የለም፣ ስርአት የሌለው ልጅ ተብላችሁ አልቋል። ስለዚህ ሰላምታው ይኑር፣ ግን በአንድ ትንፋሽ ይለቅ፦ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።» ከዛ መልሳቸውን ጠብቁ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሀምዱሊላህ» ይበሉ፣ ያቺ መልስ ራሷ ሰዉን ወደናንተ ታዞራለች።

የመንግስት ወይም የድርጅት ፕሮግራም ከሆነ የማእረግ ዝርዝር ውስጥ አትግቡ፣ የመድረክ መሪው ሁሉንም ጠርቶ ጨርሷል፣ «ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» ማለት በቂ ነው።

ከመክፈቻው ላይ ዛሬውኑ የሚሰረዙ ነገሮች አሉ። «ብዙ ጊዜያችሁን አልወስድም» አትበሉ፣ ሰዉ ሰአት ማየት ይጀምራል። «ተናጋሪ አይደለሁም»፣ «በደንብ አልተዘጋጀሁም» አትበሉ፣ ትህትና ይመስላል፣ ግን ሰሚው «ታዲያ ለምን ልስማህ» ነው የሚለው። «እንደሚታወቀው» ካላችሁ ደግሞ የሚታወቅ ከሆነ ለምን ትነግሩታላችሁ። ምስጋና ካላችሁ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ እዛ ጋር ከልብ ይመስላል።

5ኛ፦ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር

አማርኛ ላይ ግሱ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ለተናጋሪ ትልቅ ነገር ነው። አረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ሰሚው ምን ሊባል እንደሆነ ሳያውቅ ይጠብቃል። ይሄን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦

«በአሁኑ ሰአት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ የመጣውን የህክምና ወጪ ከግምት ውስጥ በማስገባት እድራችን ለአባላቱ ሊያደርገው የሚገባውን ድጋፍ በተመለከተ አንዳንድ ሃሳቦችን ለማንሳት እወዳለሁ።»

ሰዉ እስከ «እወዳለሁ» ድረስ ተሸክሞት ሄዶ መጨረሻ ላይ ያገኘው ምንድነው? ሃሳብ ሊያነሳ መሆኑን ብቻ። አሁን ደግሞ ይሄን፦

«አሁን የተቀመጣችሁበት ወንበር የተገዛው ለለቅሶ ነው።»

ስድስት ቃል ብቻ ናት። ሰዉ ወንበሩን ያያል። እውነት ነው፣ የእድሩ ወንበር ነው፣ ሁሉም ከኪሱ አውጥቶ የገዛው ነው። ከዚህ ተነስታችሁ «ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብርም» ብላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ፣ የምታወሩት ስለሚነካ ነገር ነው።

ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1964 ፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ቆሞ ያን ረጅም ንግግሩን የጀመረው አንደኛው ተከሳሽ እኔ ነኝ በሚል አንድ አጭር አረፍተ ነገር ነው። ከዛ በፊት በ1962 እኛ አገር መጥቶ ወታደራዊ ስልጠና ወስዶ ነበር፣ በዛው ንግግርም አልደበቀውም። ሞት ሊፈረድበት የሚችል ሰው ነው እንዲህ በእርጋታ የጀመረው፣ ማሳመሪያ የሚባል ነገር የለበትም፣ ግን ማንም ጆሮውን ሊነፍገው አይችልም።

የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ የተለመዱ በሮች አሉ።

አጭር ታሪክ። በጣም ጠንካራው ይሄ ነው፣ በጣም የሚበላሸውም ይሄው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰአት ይሁን፣ ከአራት አምስት አረፍተ ነገር አይብለጥ፣ እና መጨረሻውን አትንገሩ፣ ችግሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ አቁሙት። ለምሳሌ ሰውየው የሆስፒታል ማስያዣ ሲጠየቅ፣ ሚስቱ ስልክ ስትደውል፣ እዛ ጋር ቁሙ። ታሪኩ እውነት ይሁን፣ የፈጠራችሁት ከሆነ «እንበል» ብላችሁ ጀምሩ። እድር ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፣ ስሙን ባትጠሩም ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ቤተሰቡ ጋር ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የሰው ገመና ሳያስፈቅዱ አውጥተው ያሳመኑት ስብሰባ እኔ እንደ ድል አልቆጥረውም፣ ሰዉም ይቅር አይላችሁም።

ጥያቄ። ጥያቄ ከጠየቃችሁ መልሱን ቀድማችሁ እወቁ። «ከናንተ ውስጥ ለህክምና ብር ያጣ ማነው?» ብትሉ አንድ እጅ አይወጣም፣ ችግሩ ስለሌለ ሳይሆን ማንም ጎረቤቱ ፊት ማጣቱን አይናገርም፣ እናንተም ገና ከመጀመሪያው ተሸነፋችሁ። ገልብጡት። «ባለፈው አንድ አመት ለታመመ ጎረቤት ከኪሳችሁ ያዋጣችሁ እጃችሁን አውጡ።» አሁን እጅ ይወጣል፣ በኩራት ይወጣል፣ ምናልባት ዋናው ተቃዋሚያችሁም ያወጣል። ከዛ እጆቹን እያያችሁ «እንግዲህ መዋጮው አለ። የሌለን ስርአቱ ነው» ትላላችሁ። ያ አባባል ሰዉን ወደ አዲስ ነገር አልጎተተውም፣ ቀድሞ የሚያደርገውን ነገር ነው ያሳየው፣ ለዛ ነው የሚሰራው። ከጥያቄው በኋላ ደግሞ ዝም በሉ፣ በልባችሁ እስከ ሶስት ቁጠሩ፣ ዝምታውን ፈርታችሁ ቶሎ ራሳችሁ አትመልሱት።

ቁጥር። አንድ ብቻ። 20 ብር በ120 ሰው በወር 2,400፣ በአመት 28,800 ይመጣል፣ ሁሉንም አንዴ ካዘነባችሁት ሰዉ ሂሳብ ውስጥ ይገባና እናንተን ይረሳል። መክፈቻ ላይ የአመቱን ብቻ ተናገሩ፣ ሌላው ዋናው ክፍል ላይ ይመጣል። ወረቀታችሁ ላይ በአሃዝ ሳይሆን በፊደል ጻፉት፣ ቆማችሁ ስታነቡ አሃዝ ያደናቅፋል።

ተረትና ምሳሌ። እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስንወደው እናበዛዋለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስትሉ ሰሚው «ድር ቢያብር» ላይ ጨርሶታል፣ ከናንተ ቀድሟል፣ አዲስ ነገር አልሰማም። ተረት መክፈቻ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ሰዉ በየስብሰባው የማይሰማው ይሁን ወይ ደግሞ ግማሹን ብላችሁ ሰዉ ራሱ እንዲጨርሰው ስጡት፣ አብሮ የጨረሰ ሰው አብሮ ገብቷል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ተረቱ ማንን እንደሚነካ ማየት ነው። ለዚህ ንግግር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልክ ይመስላል፣ ሰው ከሞተ በኋላ ለምን እንደርሳለን ለማለት። ግን አስቡት፣ ውሻው ማነው? እድሩ ነው፣ አርባ አመት ድንኳን የተሸከሙት አባቶች ናቸው። ሃሳቡ ገጥሞ ሰሚውን የሚሰድብ ተረት ይሰረዝ፣ ምንም ቢያምር።

ቦታና ቀን። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1963 ዋሽንግተን ላይ ሲናገር የቆመው የአብርሃም ሊንከን መታሰቢያ ደጃፍ ላይ ነበር፣ እና ገና ሲጀምር የባርነት ማብቂያውን አዋጅ የፈረመውን ሰው ጥላ አነሳ፣ ከመቶ አመት በኋላም ጥቁሩ ነጻ አልወጣም አለ። ቦታው ራሱ ምስክር ሆነለት። እናንተም የምትናገሩበት ቦታ ወይም ቀን ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ነገር ካለው ተጠቀሙበት፣ ከሌለው በግድ አታገናኙት።

የመዝገበ ቃላት ትርጉም ይዞ መጀመርን ተዉት። የታላላቅ ሰዎች ጥቅስም ለእድር አያስፈልግም።

6ኛ፦ ድልድዩ፣ ከታሪኩ ወደ «እኛ»

ጥሩ ታሪክ ነግረው «እሺ አሁን ወደ ርእሴ ልግባ» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እዛ ጋር ታሪኩ ይሞታል። ከታሪኩ ወደ ጉዳዩ የሚወስድ አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ፣ እና እዛ ላይ «እሱ» የነበረው «እኛ» ይሁን። «እናንተ» አትበሉ፣ «እናንተ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ» ክስ ነው፣ «እኛ የምንደርሰው ሬሳው ሲመጣ ነው» ግን ተናጋሪውም ያለበት ነገር ነው።

ሌላው መንገድ ሰሚው ራሱ ቀድሞ የተናገረውን ማስታወስ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ የመንግስታቱ ማህበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የመጀመሪያው አረፍተ ነገራቸው ውስጥ ሶስት ነገር አለ፣ ማን እንደሆኑ፣ የመጡት ለህዝባቸው የሚገባውን ፍትህ ሊጠይቁ እንደሆነ፣ እና ከስምንት ወር በፊት ሃምሳ መንግስታት ወረራ ተፈጽሟል ብለው መስክረው እርዳታ ቃል መግባታቸው። ይሄ ሶስተኛው ነው ንግግሩን ከልመና ያወጣው፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የራሳቸውን ቃል ነው የሰሙት። እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ውሳኔውን አልቀየረውም፣ በቀጣዩ ወር ጣልያን ላይ የነበረው ማእቀብ ተነሳ። ግን በ1956 ዓ.ም. መስከረም የተባበሩት መንግስታት ፊት ሲቆሙ የጀመሩት ከሃያ ሰባት አመት በፊት ጄኔቫ ላይ ምን ብለው እንደነበር በማስታወስ ነው፣ እና በዛን ጊዜ ማን ልክ እንደነበረ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

እድር ላይ ይሄ ማለት የእድሩን ደንብ አውጥታችሁ ማንበብ ነው። መግቢያው ላይ ስለ መረዳዳት የሚል ነገር ካለ፣ «በችግር ጊዜ» የሚል ካለ፣ እሱን ቃል በቃል አንብቡላቸው። የራሳቸው ፊርማ ያለበት ነገር ነው።

7ኛ፦ እናንተ ማን ናችሁ፣ በአንድ አረፍተ ነገር

ሲቪ አታንብቡ። ሰዉ ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ ስለዚህ ጉዳይ ከየት አውቀህ ነው፣ እና ለራስህ ነው ወይ። ማንዴላ የዲግሪ ትምህርቱንና ጥብቅናውን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ተፈርዶበት እስር ላይ ያለ ሰው መሆኑን ራሱ ተናገረ፣ ከሳሽ እንዲያወጣው አልጠበቀም። እናንተም ሊባልባችሁ የሚችለውን ቀድማችሁ በሉት። እናታችሁ ታማ ከሆነ ሰዉ ያውቃል፣ ስለዚህ «እናቴ እንደታመመች ታውቃላችሁ፣ ይሄ ደንብ ቢጸድቅ የሚሰራው ከጸደቀበት ቀን በኋላ ለሚተኛ ነው፣ እኛን አይጨምርም» በሉ። ያ አረፍተ ነገር ከአስር ማስረጃ በላይ ይሰራል።

8ኛ፦ ጥያቄውን መክፈቻ ላይ ልናገር ወይስ ላቆየው?

ሰዉ አብሯችሁ ከሆነ መክፈቻው መጨረሻ ላይ ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ። የሚቃወመው ከበዛ ርእሱን ተናገሩ፣ 20 ብሩን ግን አቆዩት፣ ችግሩ ሳይገባው ዋጋውን የሰማ ሰው ዋጋውን ብቻ ነው የሚያስበው። ርእሱን ራሱን ግን አትደብቁ፣ ሰው ተጠመድኩ ብሎ ካሰበ ትክክለኛውንም ነገር አይቀበልም።

እስካሁን ያልነው ሲገጣጠም እንዲህ ይሆናል፦

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። አሁን የተቀመጣችሁበት ወንበር የተገዛው ለለቅሶ ነው። ድንኳኑም ለለቅሶ ነው። በዚህ ሰፈር ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ብቻውን ያለቀሰበት ቀን የለም፣ ይሄን ያቆያችሁልን እናንተ ናችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው አመት ለታመመ ጎረቤት ከኪሳችሁ ያዋጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። … አያችሁ፣ መዋጮው አለ። ግን አንዱ ሲታመም ብዙ ይሰበሰብለታል፣ ሌላው ሰው ስለማያውቀው ምንም አያገኝም። እኔ በዚህ እድር ልጅ ሆኜ ወንበር ተሸክሜያለሁ፣ አሁን ደግሞ ከፋይ ነኝ። ዛሬ የተነሳሁት የቀብሩን ገንዘብ ሳንነካ ለታመመ አባል እንዴት በእኩል እንደምንደርስ ላሳያችሁ ነው።»

«የቀብሩን ገንዘብ ሳንነካ» የምትለዋን እዩዋት፣ 2ኛው ላይ የጻፍነው የገንዘብ ያዡ ስጋት ገና በመክፈቻው ተመለሰ። ሶስቱ ነጥብ ያለበት ቦታ ደግሞ የዝምታው ቦታ ነው።

9ኛ፦ በጆሮ አርሙት

ስልካችሁ ላይ ሪከርድ አድርጉና ስሙት፣ በአይን አታርሙ። አምስት ደቂቃ ንግግር ከሆነ መክፈቻው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ስታዳምጡት የጋዜጣ አማርኛ የመሰለውን ሁሉ ቀይሩ፣ «በመስጠት ላይ እንገኛለን» የነበረው «እየሰጠን ነው» ይሁን፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ» ዝም ብሎ ይውጣ። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ አረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፣ ቁረጡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ያዙ፣ ወረቀት እያያችሁ አትበሏቸው፣ ሌላው በነጥብ ይበቃል።

ከዛ ለአንድ ሰው አሰሙት፣ ለጓደኛችሁ ሳይሆን ከሚቃወሙት ወገን ለሚሆን ሰው፣ ለምሳሌ ለአንድ ጡረታ ለወጡ ጎረቤት። «ጥሩ ነው ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ጥሩ ነው ነው የሚሏችሁ። «ቀጥሎ ምን የምል ይመስልዎታል?» በሏቸው። መልሳቸው ከርእሳችሁ ጋር ከገጠመ መክፈቻው ሰርቷል፣ «ብር ልትጠይቅ ነው» ካሉ ደግሞ 6ኛውና 7ኛው ላይ ተመለሱ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር፣ የኮሚኒቲም ሆነ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ወላጆቹ አማርኛ፣ ልጆቹ የአገሩን ቋንቋ የሚቀናቸው ከሆነ እያንዳንዱን አረፍተ ነገር እየተረጎማችሁ አትክፈቱ፣ ሁለቱም ወገን ግማሹን ጊዜ ይጠብቃል። የመጀመሪያዋን አጭር አረፍተ ነገር ብቻ በሁለቱም በሉ፣ ከዛ በአንዱ ቀጥሉ።

የንግግሩ ቀን

ማይኩን «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» እያላችሁ አትጀምሩ፣ ቀድማችሁ ሞክሩት። ቁሙ፣ ሰዉን እዩ፣ ጸጥ እስኪል ጠብቁ። ጄኔቫ ላይ የጣልያን ጋዜጠኞች ፉጨትና ጩኸት ሲለቁ አጼ ኃይለ ሥላሴ በጩኸቱ ላይ አልጮሁም፣ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ፣ ከዛ ጀመሩ። አንድ ዘግይቶ የመጣ ሰው ወንበር ሲጎትት የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገራችሁን አታባክኑ።

ኪሳችሁ ውስጥ ሁለተኛ መክፈቻ ይኑር፣ ከናንተ በፊት የተናገረው ሰው ያንኑ ታሪክ ወይ ያንኑ ቁጥር ሊወስድባችሁ ይችላል። እና የስብሰባው መሪ «ሰአት ስለሄደ በሁለት ደቂቃ» ካላችሁ ፈጥናችሁ ለማንበብ አትሞክሩ፣ ሰላምታውን፣ የወንበሩን አረፍተ ነገርና የእጅ ማውጣቱን ጥያቄ ብቻ ያዙና ቀጥታ ወረቀቱ አናት ላይ ወደጻፋችሁት ጥያቄ ሂዱ።